ጀርባ የሚዳሰስበት አገር

እስቲ ሥራችሁን አስቀምጡና ጠጋ በሉ። ይኼ የማወራላችሁ አገር ያለው ለእኛ ቅርብ በሆነች በአንዲት ትንሽ ቀይ ኮከብ ሥር ነው። ቅርብ ነው ስላችሁ በእግር ይደረሳል ማለቴ አይደለም፤ ሰማይ ቤት ውስጥ ጎረቤት ናት ማለቴ ነው።

በዚያ አገር ፀሐይ አትወጣም፤ አትገባምም። ከተራራው ጫፍ ላይ እንደ ፍም ቀልታ፣ እንደ ትልቅ ሰፌድ ሰፍታ፣ አንድ ቦታ ተተክላ ትኖራለች። አያት ሲወለድ ያያት ቦታ ላይ የልጅ ልጁም ያያታል። ከፊት፣ እሷ ባለችበት በኩል፣ ድንጋዩ የሚግልበት ምድረ በዳ አለ። ከኋላ ደግሞ ማለቂያ የሌለው በረዶና ጨለማ ነው። ሰው የሚኖረው በሁለቱ መሀል፣ እንደ መቀነት በቀጠነች መሬት ላይ ነው። ነፋሱ ሁልጊዜ ከበረዶው ወደ ቃጠሎው ይነፍሳል፤ አንድም ቀን ሐሳቡን ቀይሮ አያውቅም። የዛፉ ቅጠል ጥቁር ነው፤ ሳሩ ጥቁር ነው፤ የቀረው ሁሉ ቀይ ነው። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ለቀለም ያለው ቃል ቀይና ጥቁር ብቻ ነበር። ሌላ ምን ያደርግለታል? ሌላ አይቶ አያውቅማ።

ሕጋቸው ረጅም ነው፤ ሲጠቀለል ግን አንድ ነገር ነው። ለፀሐይ ጀርባ መስጠት ክልክል ነው። «ታሞቀናለች፣ ታበላናለች፣ ፊቷን አዙራብን አታውቅም፤ እኛም አናዞርባትም» ይላሉ። ቤት ሲሠራ በሩ ወደ እሷ ነው፤ የኋላው ግድግዳ መስኮት የለውም። ሰው ሲተኛ በጎኑ፣ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ ነው። ሰው ሲጣላም ጎን ለጎን ቆሞ ፀሐይዋን እያየ ነው የሚሳደበው፤ ስድቡ ለእሷ እንዳይመስል በየመሀሉ የጠበኛውን ስም ይጠራል። ውሃ ደግሞ የሚገኘው ከኋላ፣ ከበረዶው ግርጌ ነው። እንግዲህ ምን ይደረግ? ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ የኋሊት ይሄዳሉ። ፊታቸው ወደ ፀሐይ፣ ተረከዛቸው መንገድ እየፈለገ፣ ቅላቸውን ይዘው ዳገቱን የኋሊት ይወጡታል። የወደቀችውን ማንም አያነሳትም፤ ለማንሳት መዞር ያስፈልጋላ።

ታዲያ ይህቺ ፀሐይ አንዳንዴ ትፈነዳለች። ዝም ብላ ቆይታ ቆይታ ድንገት ከፊቷ ላይ ነጭ እሳት ትወረውራለች፤ ያን ጊዜ ምድሩ ሁሉ ይነጣል፤ እነሱ ግን ይህን ብርሃን እንጂ ቀለም አይሉትም። ሹማምንቱ ይህን «ፈገግታ» ይሉታል። ፀሐይ ፈገግ ስትል ዓይንን መክደን ነውር ነው፤ ሕዝቡ አፍጥጦ ያያታል። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ይፈዛል። ዓይኑ የፈዘዘ ሰው ግን ታመመ አይባልም፤ «በራለት» ይባላል፤ ይሾማል። ሁለቴ የበራለት የመንደር ሹም ይሆናል፤ ፈጽሞ የበራለት ቤተ መንግሥት ይገባል። ስለዚህ ከንጉሡ ጀምሮ የሚያይ ሹም አልነበረም። ለጉባኤ ሲጠሩ በሩ ላይ ይጋጩና «ይቅደሙ እንጂ ጌታዬ»፣ «ኧረ እርስዎ!» እየተባባሉ ግድግዳ ሲዳስሱ የጉባኤው ሰዓት ያልቃል።

ዓይን የሌለው ሹም ማን ጀርባ እንደሰጠ በምን ያውቃል? በእጁ ነዋ! ለዚሁ የተሾሙ ጀርባ ዳሳሾች አሉ። መንገድ ዳር ይቆሙና የሚያልፈውን ሰው ጀርባ በመዳፋቸው ይነካሉ። ጀርባህ ከቀዘቀዘ ጥሩ ሰው ነህ፣ እለፍ። ጀርባህ ሞቅ ካለ ግን ዞረሃል ማለት ነው። የዞረ ሰው ከነቤተሰቡ ወደ ቃጠሎው ይነዳል። የዳሳሾቹ አለቃ ሊቀ ጀርባ ወንዳፍራሽ ይባላሉ፤ መዳፋቸው የእንጀራ ምጣድ ክዳን የሚያክል፣ ድምፃቸው የሚያስነጥስ በሬ የሚመስል ሰውዬ ናቸው።

በዚህ አገር ነው እንግዲህ ትኩነሽ የምትባል ወጣት እናት የነበረችው። የመጀመሪያ ልጇን ሚጡ ትላታለች። ሚጡ ስትስል እናቷ ትደነግጣለች፤ ሳትስል ደግሞ ዛሬ ለምን አልሳለችም ብላ ትደነግጣለች። ተኝታ እያለች ትንፋሿን ለማዳመጥ ጆሮዋን አፍንጫዋ ላይ ትለጥፋለች፤ ልጅቷ ትነቃለች፤ ከዚያ እሹሩሩ ሲባል ጉልበቷ ያልቃል።

ሚጡ አንድ አመል ነበራት። በአንቀልባ ስትታዘል አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ ታያለች። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በሳቅ ትንከተከታለች። እጇን ከአንቀልባው አውጥታ ታጨበጭባለች። ትኩነሽ ሳቁን ትሰማለች እንጂ ምን እንደሚያስቃት አታውቅም። ትልቅ ሰው ስትጠይቅ «ከኋላ ምንም የለም፤ ምንም ስለሌለ እኮ ነው የማናየው» ይሏታል። ታዲያ ልጅ በምንም እንዲህ ይስቃል? ይኼ ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ይበላት ጀመር።

ባሏ ደጀን ደግሞ ባለፈው ፈገግታ ጊዜ ትንሽ በርቶለታል። ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያየው። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሲዳስስ የሚጡን እግር ያዘና፣

«ትኩዬ፣ ይቺ ዋንጫ ምነው ሞቀች?» አለ።

«እግሯ ነው! ልቀቃት!»

«እኔን! ሚጡዬ ነሽ እንዴ?» ብሎ እግሯን ሳመ። «ቢሆንስ ምናለበት? አንድ ፈገግታ ነው የቀረኝ። ከዚያ በኋላ የመንደር ሹም ነኝ። ውሃ የሚቀዳልሽ ሰው ይመደብልሻል። የኋሊት መውጣት ቀረልሽ በያ!»

«ፊቷንስ? የልጅህን ፊት ታየዋለህ?»

ደጀን ዋንጫውን በዳሰሳ አግኝቶ ያዘ። ከዚያ «ሹም ፊት አያይም፤ ሹም ፊት ያሳያል እንጂ» አለ፤ ሲባል የሰማውን ነው። ትኩነሽ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ደጃፍ ወጥታ ለፀሐይ ፊቷን ሰጥታ አለቀሰች። ሌላ የማልቀሻ አቅጣጫ የለማ።

አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ የኋሊት ስትወጣ ጎረቤቷ አምሳለ ከጎኗ ነበረች። አምሳለም ልጅ አዝላለች፤ ምላሷ የማያርፍ፣ ወድቃ እንኳ እየተነሳች ወሬዋን የምትቀጥል ሴት ናት።

«ያቺ ልጅሽ ዛሬም ትስቃለች?» አለች አምሳለ።

«አልተወችም። አንዳንዴ እኮ እንዲህ እላለሁ፣ አምሳለ፤ አንዴ ብቻ፣ ዓይኔን ሰረቅ አድርጌ...»

«ዝም በይ አንቺ! መንገዱ ጆሮ አለው።»

መንገዱ ጆሮም እጅም ነበረው። ሊቀ ጀርባ ወንዳፍራሽ ከድንጋይ ላይ ተነሱና ያንን መዳፋቸውን አንቀልባው ሥር ሰደዱ።

«ቁሚ! ይሄ ጀርባ ትኩስ ነው።»

«ልጅ አዝያለሁ ጌታዬ። ልጅቷ ናት ያሞቀችኝ።»

«ልጅቷን ማን አሞቃት?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺን ማን አሞቀሽ?»

«ልጅቷ።»

«እንግዲህ ነገሩ ይዞራል» አሉ ሊቀ ጀርባ ጣታቸውን ቀስረው። «የሚዞር ነገር ደግሞ ክልክል ነው።»

አምሳለ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሊቀ ጀርባ ግን ቀልድ አላወሩም። እጃቸውን ሽቅብ ሰደዱና የሚጡን አንገት አገኙት፤ አገጯ በእናቷ ትከሻ ላይ ወደ በረዶው ዞሯል። ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተቱ፤ ወዲያው «ውይ!» ብለው አወጡት።

«ጥርስ አብቅላለች! ጥርስ ያላት ልጅ አንገቷ እስካሁን አልቀናም? ሕዝቡን የሚጠራው ከበሮ ሲመታ አደባባይ ታመጫታለሽ። የአንገት እንጨቷ ይታሰርላታል።»

የአንገት እንጨት ማለት ከጥቁር ግንድ የተቀረጸ፣ አንገት ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንዳይል የሚይዝ ነገር ነው። አንገቱ አልታዘዝ ላለ ልጅ ነው የሚታሰረው፤ እስኪበራለት ድረስም አይፈታም። ፈገግታው ሲመጣ አንገቱ የታሰረ ልጅ የትም አይሸሽም፤ ዓይኑ ገና ለጋ እያለ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ልጅ በትንሽነቱ ይሾማል፤ ወላጆቹም ይከበራሉ። ትኩነሽ ይህን ስታስብ ወተቷ ደረቀ።

ለደጀን ስትነግረው ፊቱ በራ። «ሚጡ ከእኔ ቀድማ ቤተ መንግሥት ልትገባ ነው በይኛ!»

«ደጀኔ፣ ልጄ ናት። ዓይኗ ነው።»

«ሁሉም ያለፈበት ነው። እኔ ምን ሆንኩ?» አለና ሲነሳ ምሰሶው ጋር ተላተመ።

ከበሮው ተመታ። አደባባዩ ሰው ሞላው። ሹማምንቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ገመድ ተሰልፈው መጡ፤ የፊተኛው ሲደናቀፍ እስከ ኋለኛው ድረስ ተራ በተራ ተደናቀፉ፤ ሕዝቡም እንደ ወጉ አብሮ ተደናቀፈ። ልጅ ያዘሉት እናቶች ባንድ ረድፍ፣ ወንዶቹ ከጎናቸው፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርጎ ቆመ። እንጨት አሳሪው፣ ዓይኑ ገና የሚያይ ጎልማሳ፣ ጥቁሩን እንጨት በእጁ ይዞ ወደ ትኩነሽ ቀረበ። ትኩነሽ ሚጡን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈቻት። እንጨቱ ከልጅቷ ራስ ይከብዳል።

«አገጯን ያዢልኝ እህቴ» አለ ሰውዬው ቀስ ብሎ፤ እሱም ደስ ያለው አይመስልም።

ይህን ጊዜ ከወዲያ «ፈገግ ልትል ነው! ፈገግ ልትል ነው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። የፀሐይዋ ጠርዝ ነጣ። ሴቶች እልል አሉ። ሹማምንቱ ያልበራለት ሁሉ እንዲያይ «አፍጥጡ! አፍጥጡ!» እያሉ ጮኹ። ደጀን ደረቱን ነፋ፤ የጠበቃት ፈገግታ መጣችለት።

ትኩነሽ አላሰበችም። ማሰብ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ልጇን ደረቷ ውስጥ ወሽቃ፣ እንጨቱን በክርኗ ገፍታ፣ ዞረች። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጠች!

መጀመሪያ ጀርባዋ ላይ እሳት የተደፋባት መሰላት። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

እናንተዬ! ከኋላ ምንም የለም የተባለው ቦታ ላይ ሰማይ ነበረ! ጥቁር ሰማይ፣ ውስጡ ጤፍ እንደተበተነበት ሁሉ በሚያበሩ ነጠብጣቦች የተሞላ። በረዶው እንደ ተራራ ቆሞ ያንጸባርቃል። ከበረዶው በላይ ደግሞ አንድ ነገር ይወዛወዛል፤ መጋረጃ ነው እንዳትል የሚሰቀልበት የለውም፤ እሳት ነው እንዳትል አይፈጅም። ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይሮጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቀለሙ ደግሞ... ቀለሙን ምን ብላ ትጥራው? እኔና እናንተ ብናየው ከዝናብ በኋላ የሚወጣ ለምለም ሣር ነው እንል ነበር። እሷ ግን ለምለም ሣር የት ታውቃለች? የእነሱ ሣር ጥቁር ነው።

«ቀይ አይደለም!» ብላ ጮኸች። «ሰዎች! ቀይም አይደለም፣ ጥቁርም አይደለም! ሌላ ነው! ሌላ ነገር አለ!»

«ማን ናት?» አሉ ሊቀ ጀርባ።

«ዙሩ! ዓይናችሁን አድኑ! አምሳለ፣ ዙሪ! ከኋላችን አለልሽ! ሞልቶልሻል!»

አምሳለ ወሬ አምልጧት አያውቅም፤ ዞረች። «ኧረ ጉድ!» አለችና ቁጭ አለች። እሷን ያየች ሌላዋ ዞረች፤ የእናቶቹ ረድፍ ተራ በተራ ዞረ። እንጨት አሳሪው እንጨቱን ጥሎ ዞረ፤ ወንዶቹም ተከተሉ።

ደጀን ብቻ አፍጥጦ ቆሟል። ነጩ እሳት ከተራራው ጫፍ ተነስቶ ሜዳውን እያነጣ ይመጣል። የቀረችው ይህቺ አንዲት ፈገግታ ናት፤ ከዚህ በኋላ ሹም ነው።

«ደጀኔ!» አለች ትኩነሽ። «አሁን ካልዞርክ የልጅህን ፊት አታየውም። መቼም አታየውም። አሁን ነው!»

ደጀን አንገቱ ተጨነቀ። እንጨት ሳይታሰርበት እንደ ታሰረ ሆኖ ያደገ አንገት ነው፤ መዞር አያውቅበትም። እንደ አሮጌ በር እየተንቋቋ፣ መጀመሪያ ጭንቅላቱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ በመጨረሻ እግሩ ዞረ። ነጩ ብርሃን ጀርባው ላይ ሲያርፍ የሚጡ ፊት ከፊቱ ነበር። ብርሃኑ ከበረዶው ተመልሶ ጉንጯ ላይ ወርዷል፤ በፈዘዘው ዓይኑም ቢሆን አፍንጫዋን ለየው።

«የእኔን አፍንጫ ነው እኮ የወሰደችው» አለ። «ማንም አልነገረኝም!»

ነጩ ብርሃን አለፈ። ሊቀ ጀርባ ወንዳፍራሽ እጃቸውን ዘርግተው በረድፉ ላይ መሄድ ጀመሩ። የመጀመሪያውን ጀርባ ነኩ፤ ትኩስ። ሁለተኛውን፤ ትኩስ። ሲቀጥሉ ሁሉም እንደ ጋለ ድንጋይ ነው። እጃቸውን እያራገቡ ቆሙ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ዞሯል?» አሉ። «ሁላችሁንም ወደ ቃጠሎው ልንዳችሁ ነው!»

«ይንዱን ጌታዬ» አለች አምሳለ ከመሬት ሳትነሳ፤ «ውሃውን ግን የኋሊት ወጥተው እርስዎ ነዎት የሚቀዱት።»

ሊቀ ጀርባ ይህን አሰቡት። ስለ ጉልበታቸውም አሰቡ። ከሹማምንቱ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ተንሾካሾኩ፤ ሁለት ጊዜም ግንባር ለግንባር ተጋጩ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሕዝቡን ምረነዋል። ያያችሁት ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። አዋጅ ይወጣበታል። ስሙ ማን ይባላል?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ስም የለውም ጌታዬ» አለች ትኩነሽ።

«ስም የሌለው ነገር እንዴት ይከለከላል? 'ያንን ነገር አትዩ' ብለን አዋጅ ብናስነግር 'ምኑን?' ብለው ይስቁብናል። ስም አምጡ!»

አንዱ «ቀይ-ያልሆነ» አለ፤ ሹማምንቱ አይሆንም፣ ቅጠሉም ቀይ ያልሆነ ነው አሉ። ሌላው «የኋላ እሳት» አለ፤ እሳት የፀሐይ ብቻ ነው ተብሎ ተገሠጸ። ክርክሩ ሲጦፍ ሚጡ ከእናቷ እቅፍ ብድግ ብላ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማዩ ዘርግታ፣ በተከፈተ አፏ «ቡዪ!» አለች። በሕይወቷ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው። ትኩነሽ ያን ጊዜ መሳቅም ማልቀስም መጣባት፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው።

«ቡዪ» አሉ ሊቀ ጀርባ። «ጥሩ ነው። አጭር ነው። ቡዪን ማየት ክልክል ነው! ይጻፍ!»

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ ከሹማምንቱ አንዱ፤ «ቡዪ መቼ እንደሚወጣ በምን እናውቃለን? ካላወቅን ክልከላው መቼ እንደሚጸና አናውቅም።»

«የሚያይ ሰው ይመደብና ይንገረን።»

«የሚያየው ሰው ግን ወንጀለኛ ሊሆን ነው።»

ሹማምንቱ እንደገና ጭንቅላት ገጠሙ። ስሙን ከሰጠችው በቀር ነገሩን የሚያውቅ ስለሌለ፣ በሹመት ያየ ደግሞ ወንጀለኛ ስለማይባል፣ ልጅቱ የቡዪ ጠባቂ ሆና ተሾመች። ሥራዋም አንገቷን እንደልቧ እያዞረች ወደ ኋላ ማየት፣ ቡዪ ሲወጣም መጮህ ነው። ለሥራው እንቅፋት ስለሚሆን የአንገት እንጨት እንዳይታሰርባት፣ ዓይኗም እንዳይበራላት፣ ፀሐይ ፈገግ ስትል ፊቷን አዙረው እንዲሸፍኗት በጥብቅ ታዘዘ።

«ሰማሽ?» አለ ደጀን የሚስቱን እጅ ጨብጦ። «ከእኔ ቀድማ ተሾመች አላልኩሽም?»

አዋጁ የወጣው ያን ዕለት ነው። አዋጅ ነጋሪው ከበሮውን እየደለቀ ከሰፈር ሰፈር ዞረ፤ አደባባይ ያልመጣው፣ ዳር ዳር ያለው፣ ታሞ የተኛው ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ።

«ስማ! ስማ! ቡዪን ማየት ክልክል ነው!»

«ቡዪ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ሰዉ።

«እኔ ምን አውቄ! ተከልክሏል ብቻ።»

«የት ነው ያለው?»

አዋጅ ነጋሪው ይህን ተነግሮታል፤ የታዘዘውን ሳያጓድል ማስታወቅ ደግሞ ሥራው ነው። ከበሮውን አንዴ ደለቀና ባለ በሌለ ድምፁ፣

«ከኋላችሁ!» አለ።

አገሩ በሙሉ ዞረ።